የካሪያኮ የገበያ አዳራሽ ታሪክ



«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል ዘወትር የሚነገረው ሥራቸው ለተመሰከረላቸው፣ ማንነታቸው ለታወቀ ሰዎች ነው። ዳሩ ግን በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ፣ በዳሬሰላም ከተማ መካከል፣ መቃብራቸው የት እንደ ሆነ እንኳ የማይታወቅ ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድነት የተዉት አንድ ስም አለ። ይህ ስም ጐመንና ሙዝ፣ ሽንኩርትና ሩዝ በሚሸጥበት በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ላይ ቀርቶ ይኖራል። ገበያው ካሪያኮ ይባላል። የዚህ ንግግር ጉዳይ የዚያ አዳራሽ ታሪክ ነው፤ በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዳሬሰላም ማለት በዓረብኛ የሰላም ቤት ማለት ነው። ከተማይቱን በ1860ዎቹ የቈረቈሯት የዛንዚባሩ ሡልጣን ማጂድ ናቸው። ጀርመኖች አገሩን በቅኝ ግዛትነት ከያዙ በኋላ በ1891 የግዛታቸው ርእሰ ከተማ አደረጓት። ወደ አገዛዛቸው መጨረሻ ደግሞ የከተማይቱን ነዋሪዎች በዘር ለይቶ ማስፈር የሚል ሐሳብ አነሡ። በዚህ ሐሳብ መሠረት አውሮፓውያን በባሕሩ ዳር፣ የሕንድ ነጋዴዎች በመካከል፣ አፍሪቃውያን በስተ ምዕራብ እንዲኖሩ፣ በአፍሪቃውያኑና በሌሎቹ መካከልም ቤት የማይሠራበት ባዶ ሜዳ እንዲተው ታቀደ። ሜዳው ምናዚ ሞጃ ይባላል፤ ትርጓሜውም «አንድ የኮኮናት ዛፍ» ማለት ነው። ዕቅዱን ያሰቡት ጀርመኖች ቢሆኑም በተግባር ያዋሉት ከእነሱ በኋላ የመጡት እንግሊዞች ናቸው። የካሪያኮ ገበያም የተወለደው ከዚያ ባዶ ሜዳ ማዶ፣ ለአፍሪቃውያን በተከለለው ሠፈር ውስጥ ነው።

በከተማይቱ ሲተረክ እንደ ኖረው፣ በዚህ ስፍራ የመጀመሪያውን አዳራሽ የሠሩት ጀርመኖች ናቸው። ያሠሩበትም ምክንያት ለንጉሠ ነገሥታቸው ለዊልሄልም ክብር በዓል እንዲደረግበት ነበረ። ነገር ግን በነሐሴ 1914 ታላቁ የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ በዓሉም ሳይከበር፣ ጭፈራውም ሳይጨፈር ቀረ። አዳራሹ ለንጉሥ ደስታ ታስቦ ተሠርቶ፣ ከንጉሥ ደስታ ይልቅ የድኻ መከራ የሚያርፍበት ቦታ ሆነ።

ያ መከራ ምን እንደ ነበረ በጥቂቱ ካልተገለጸ የገበያው ስም ትርጉም አይገባም። በአውሮፓ የተነሣው ጦርነት ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ሲዛመት፣ በጀርመን በኩል ጄኔራል ፎን ሌቶ ፎርቤክ፣ በእንግሊዝ በኩል ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጣ ብዙ ሠራዊት ተሰለፈ። አገሩ ሰፊ ነው፤ የባቡር ሐዲዱ ጥቂት፣ የመኪና መንገዱም እንደሌለ የሚቈጠር ነበረ። በፈረስ፣ በበቅሎና በበሬ እንዳይጫን የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈው የቈላ ዝንብ የጋማና የቀንድ ከብቱን ትፈጅ ነበር። ስለዚህ ጥይቱም፣ ዱቄቱም፣ ድንኳኑም፣ የመድፉ አካል እንኳ ሳይቀር በሰው ራስና ትከሻ ላይ ተጫነ።

ሰው ተሸክሞ ሠራዊትን መቀለብ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በአንድ ቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ተሸካሚ 25 ኪሎ ቢሸከምና በቀን 1 ኪሎ ዱቄት ቢመገብ፣ አሥር ቀን ሄዶ በአሥር ቀን ሲመለስ ከተሸከመው 20 ኪሎውን ራሱ ይጨርሰዋል። ለወታደሩ የሚደርሰው 5 ኪሎ ብቻ ነው። መንገዱ ጥቂት ቢረዝም ግን ምንም አይተርፍም። ስለዚህ አዛዦቹ ከሁለት ነገር አንዱን ማድረግ ነበረባቸው፤ የተሸካሚውን ቍጥር ማብዛት፣ ወይም የተሸካሚውን ቀለብ መቀነስ። ሁለቱንም አደረጉ። በየመንደሩ ያለው ጐልማሳ በፈቃዱም በግድም ተሰበሰበ፤ የሚሰጠውም ምግብ አነሰ። ሙዝና ሩዝ ለለመደው ሰው በደንብ ያልተፈጨና ያልበሰለ የበቈሎ ዱቄት እየተሰጠው፣ በሆድ በሽታ፣ በወባና በሳንባ ምች በየመንገዱ ወደቀ። በጥይት ከሞተው ይልቅ በበሽታ የሞተው እጅግ ይበልጣል። በእንግሊዝ በኩል ብቻ የሞቱት ተሸካሚዎች በብዙ አሥር ሺህ ይቈጠራሉ። ከሞቱትም የብዙዎቹ ስማቸው በመዝገብ በትክክል ስላልሰፈረ፣ ያገለገሉበት ደመወዝ ለወራሾቻቸው ሳይደርስ ቀርቷል።

የእንግሊዝ ጦር ዳሬሰላምን የያዘው በመስከረም 1916 ነው። ከዚያ በኋላ የከተማይቱ ወደብ ለሠራዊቱ የስንቅና የትጥቅ መግቢያ ሆነ፤ ተሸካሚዎቹም በከተማይቱ ምዕራብ፣ ጀርመኖች አዳራሹን ባሠሩበት ስፍራ ሠፈሩ። የተሸካሚዎቹ ጓድ በእንግሊዝኛ «ካሪየር ኮር» ይባል ነበር። የስዋሂሊ ቋንቋ ቃልን በአናባቢ ድምፅ መጨረስ ስለሚወድ፣ የአገሩ ሰው የእንግሊዝኛውን ስም እንደ አፉ አድርጎ «ካሪያኮ» አለው። ጦርነቱ በ1918 አለቀ፤ ድንኳኑ ተነቀለ፤ የቀሩት ተሸካሚዎች ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ ስሙ ግን ከስፍራው አልተነቀለም። በኬንያ ርእሰ ከተማ በናይሮቢም እንዲሁ የተሸካሚዎቹ ጓድ የሠፈረበት ቦታ እስከ ዛሬ «ካሪዮኮር» ይባላል፤ እዚያም በዚሁ ስም የሚጠራ ገበያ አለ። ሁለት ከተሞች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አንድን መከራ በአንድ ስም አስታውሰው ሁለቱም ስሙን ለገበያ ሰጡት።

እንግሊዞች አገሩን ታንጋኒካ ብለው ማስተዳደር ሲጀምሩ ሠፈሩን በቀጥታ መንገዶች ሸንሽነው ለአፍሪቃውያን መኖሪያ አደረጉት። ለየመንገዶቹም እንደ ሱኩማና እንደ ኛምዌዚ ያሉ የአገሩ ነገዶች ስም ተሰጣቸው። አሮጌው አዳራሽም በ1920ዎቹ መጀመሪያ የከተማይቱ የአፍሪቃውያን ገበያ ሆነ። ከገጠር የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነበረ፤ ዘመዱን የሚጠይቀው፣ ሥራ የሚፈልገው፣ ከአገሩ ወሬ የሚሰማው በገበያው ዙሪያ ነው። በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ዋጋ ሲከራከሩ በስዋሂሊ ይግባባሉ፤ የገበያው አዳራሽ ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ ቋንቋ ሲያስተምር ኖሯል ማለት ይቻላል።

ስለ ተሸካሚዎቹ መንግሥት ያቆመው መታሰቢያ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1927 በከተማይቱ መካከል፣ ቀድሞ የጀርመኑ ገዢ የፎን ቪስማን ሐውልት በነበረበት ቦታ፣ የአስካሪ ሐውልት ተመረቀ። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የተጻፈው ጽሑፍ ከወታደሮቹ ጋር ተሸካሚዎቹንም ያነሣል። ነገር ግን ከነሐስ ተቀርጾ የቆመው ምስል ጠመንጃ የያዘ ወታደር ነው፤ ሸክም የተሸከመ ሰው ምስል በዚያ አልቆመም። መንግሥት በምስል ያላቆመውን ሕዝቡ በአንደበቱ አቆመው። ወደ ሐውልቱ የሚሄደው ማየት የፈለገ ሰው ነው፤ ወደ ገበያው ግን ሁሉም ይሄዳል፤ በሄደም ቍጥር የተሸካሚዎቹን ስም ይጠራል።

ከተማይቱ እያደገች ስትሄድ አሮጌው አዳራሽ ጠበበ። በ1948 በተደረገው ቈጠራ የዳሬሰላም ሕዝብ 69,227 ነበረ፤ በ1957 ወደ 128,742 ከፍ አለ፤ በ1967 ደግሞ 272,821 ሆነ። በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አደገ ማለት ነው። በዚሁ ዘመን ፖለቲካውም ተለወጠ። በ1954 የተመሠረተው የታንጋኒካ አፍሪቃውያን ብሔራዊ ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ታኑ፣ ጽሕፈት ቤቱን የከፈተው በካሪያኮ ሠፈር ዳር ነው። በታኅሣሥ 1961 አገሪቱ ነጻነቷን አገኘች፤ በ1964 ከዛንዚባር ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያ ተባለች። በ1967 በወጣው የአሩሻ መግለጫም መንግሥት አገሪቱን በኅብረተ ሰብአዊነት መንገድ፣ ራስን በመቻል ለመምራት ወሰነ። እንግዲህ በባዕድ ንጉሥ ክብር የተጀመረው፣ የጦር ሠፈር የሆነው፣ በዘር ክፍፍል ውስጥ ያደገው ገበያ በነጻ አገር እጅ እንደ አዲስ እንዲሠራ የተፈረደው በዚህ ጊዜ ነው።

አሮጌው ፈረሰ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም የአዲሱ ሥራ ተያዘ። ንድፉን ያወጣው ታንዛኒያዊው አርክቴክት ቤዳ አሙሊ ነው። አሙሊ ከአገሩ ተወላጆች መካከል በዚህ ሙያ ቀድመው ከሠለጠኑት አንዱ ሲሆን፣ የተማረውም በእስራኤል አገር፣ በሃይፋ በሚገኘው የቴክኒዮን ተቋም ነው። የነጻነት ዘመን ከባድ ጥያቄ በእሱ ላይ ወደቀ። ሕንፃው ዘመናዊ መሆን አለበት፤ ነገር ግን የአውሮፓን ገበያ ግልባጭ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መያዝ አለበት፤ ነገር ግን በዚያ ወበቅ ሰውንም ሸቀጡንም እንዳያፍን ያሻል።

መልሱ የተገኘው በጣራው ነው። የካሪያኮ ጣራ አንድ ወጥ ክዳን አይደለም። ብዙ ከፍ ያሉ ዓምዶች ቆመው፣ እያንዳንዱ ዓምድ በራሱ ላይ ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ የመሰለ የአርማታ ክዳን ተሸክሟል። ከሩቅ ሲታይ ጫካ ይመስላል። በአፍሪቃ በብዙ ቦታ ገበያ የሚቆመው በዛፍ ጥላ ሥር እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው የሕንፃውን ምሥጢር በቶሎ ይረዳዋል፤ አርክቴክቱ የገጠሩን የዛፍ ጥላ በአርማታ ደግሞ ሠርቶታል። ጐኖቹ ለነፋስ ክፍት ስለ ሆኑ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው አየር ይገባል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይሄዳል፤ ፀሐዩ ግን አይገባም።

ይህ አሠራር ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ክዳኑ ስስ ነው፤ ጥንካሬን የሚያገኘው ከውፍረቱ ሳይሆን ከቅርጹ ነው። ስስ ወረቀት ጠፍጣፋ ሳለ በአንድ እጅ ቢይዙት ይታጠፋል፤ ጥቂት ጎበጥ ቢያደርጉት ግን እርሳስ ይሸከማል። ቅል ስስ ሆኖ ሳለ ውሃ ሞልቶ የማይሰበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው፣ ያ ጎባጣ ገጽ በቀጥታ መስመሮች ሊሠራ መቻሉ ነው። አርማታው የሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ ከቀጥታ ጣውላዎች ይገጠማል፤ አናጺው እያንዳንዱን ጣውላ ከጎረቤቱ በጥቂቱ አዘንብሎ ይደረድራል፤ ከቀጥታው ጎባጣው ይወለዳል። ስለዚህ ብዙ ብረትና ብዙ ሲሚንቶ ለማትችል አገር፣ የእጅ ሥራ ለሚያውቅም ሕዝብ የተስማማ ዘዴ ነበረ።

ዝናቡም ታስቦለታል። በዚያ ጠረፍ «ማሲካ» የሚባለው ከባድ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ቩሊ» የሚባለው ቀላሉ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። ተራ ጃንጥላ ውሃውን በዙሪያው ያፈሳል፤ የተገለበጠው ግን ውሃውን ወደ መካከል ይሰበስባል፤ ከዚያም በዓምዱ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ከጣራው ጠርዝ የሚወርድ ፏፏቴ የሌለ በመሆኑ በዳር የተቀመጠው ነጋዴና ሸቀጡ አይርሱም።

ሕንፃው ከመሬት በታች፣ በመሬት ላይና ከዚያም በላይ ደረጃ በደረጃ የተከፈለ ነው። ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ሕዝቡ «ሺሞኒ» ይለዋል፤ «ከጕድጓዱ ውስጥ» ማለት ነው። የጅምላው ጭነት የሚገባው በዚያ ነው። ከኡሳምባራ ተራሮች ጐመንና ካሮት፣ ከኡሉጉሩ ተራሮች ሙዝና አትክልት፣ ከታንጋ አውራጃ ብርቱካን፣ ከጠረፉ ኮኮናት በሌሊት እየተጓዘ ይመጣል። ጎሕ ሲቀድ ቸርቻሪው ከጅምላ ነጋዴው ይገዛል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል የቤት እመቤቷ ከቸርቻሪው ትገዛለች። ከጭነት መኪናው እስከ ነጋዴው መደብ ያለውን መንገድ ግን ጆንያ በትከሻው የሚሸከም ሰው ይሞላዋል። የገበያው ስም የተሸካሚ ስም ነው፤ ሥራውም ያለ ተሸካሚ አልሄደም።

ገበያውን የሚያስተዳድር ድርጅት በ1974 በሕግ ተቋቋመ። በ1975 ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ አዳራሹን መርቀው ከፈቱ። ኔሬሬ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት መምህር ነበሩ፤ በዳሬሰላም አጠገብ በፑጉ፣ በቅዱስ ፍራንሲስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው በ1955 ሥራቸውን ለቀዋል። ሕዝቡም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ «ምዋሊሙ»፣ ማለትም «መምህሩ» እያለ ጠራቸው። አዳራሹ ሲመረቅ ለአዲስ ሕንፃ አዲስ ስም መስጠት በቀለለ ነበር፤ በነጻነት ማግሥት ብዙ አደባባዮችና ጐዳናዎች ስማቸው ተለውጧል። የካሪያኮ ስም ግን አልተነካም። ከባዕድ ቋንቋ ቢመጣም፣ የአገሩ ሰው በመከራው ስለ ገዛው የአገሩ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለገበያው የተመቹ ብቻ አልነበሩም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ ሸቀጥ ጠፋ፤ ስኳር፣ ሳሙናና ጨርቅ ለማግኘት ሰው ተሰለፈ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መንግሥት ንግዱን ሲለቅ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ በአዳራሹ ዙሪያ ያሉት ዝቅተኛ የጭቃና የኮራል ድንጋይ ቤቶች እየፈረሱ ፎቆች ተተከሉ፤ ካሪያኮ ከአጎራባች አገሮች ጭምር ነጋዴ የሚመጣበት የንግድ ሠፈር ሆነ። ለ270,000 ሰዎች ከተማ የታሰበው አዳራሽ፣ በ2022 ቈጠራ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ከተማ መካከል ቆሞ ተገኘ።

በሐምሌ 10 ቀን 2021 ሌሊት አዳራሹ በእሳት ተያያዘ። ብዙ ነጋዴዎች ዕድሜ ልክ ያጠራቀሙት ንብረት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትርም ምክንያቱን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋሙ። ነጋዴዎቹ ወደ ሌሎች የገበያ ስፍራዎች ተዛወሩ። ከዚያ የተነሣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። የተቃጠለውን አፍርሶ ሰፊ ፎቅ መሥራት ለንግዱ ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ለማንሣት ምክንያት አይጠፋም፤ ቦታው ውድ ነው፤ ሕዝቡ በዝቷል። የተወሰነው ግን አሮጌውን አዳራሽ እንዲታደስ ማድረግና በአጠገቡ አዲስ የገበያ ፎቅ መጨመር ነው። ይህ ውሳኔ ያለፈውንና የሚመጣውን ጎን ለጎን ያቆመ ነው።

ለኢትዮጵያ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 ከተማይቱን በያዙበት ዘመን የአውሮፓውያንን ሠፈር ከአገሬው ለመለየት ሲሉ የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። «መርካቶ» የሚለውም ቃል በጣልያንኛ ገበያ ማለት ብቻ ነው። ሰውን ከሰው ለመለየት የተመረጠው ስፍራ፣ ልክ እንደ ካሪያኮ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ሆነ። ለይተው ያስቀመጡት አልፈዋል፤ ገበያተኛው ግን ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚተርፍ ነገር አለ። ተማሪ የታሪክ ትምህርት ሲባል የነገሥታትን ዘመንና የጦርነትን ቀን መቍጠር ብቻ ይመስለዋል። እናቱ በየሳምንቱ የምትልከው ገበያ ግን ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው፤ ገጹን የሚገልጥለት ሰው ብቻ ያስፈልጋል። ገበያው ለምን በዚህ ስፍራ ቆመ? ስሙን ማን ሰጠው? ከምን ቋንቋ መጣ? ከእሱ በፊት በቦታው ምን ነበረ? እነዚህ ጥያቄዎች ለመጠየቅ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም፤ የሚፈልጉት የሚጠይቅ መምህርና የሚመልስ ሽማግሌ ነው። መምህሩ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ሽማግሌው ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

የካሪያኮ ተሸካሚዎች ስማቸውን የሚጽፍ ጸሐፊ፣ ደመወዛቸውን የሚቈጥር ሒሳብ ሹም አጥተው ሞቱ። የቀረላቸው አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል በንጉሥ አዳራሽ፣ በጦር ሠፈር፣ በቅኝ ገዢ ገበያና በነጻ አገር ሕንፃ ላይ እየተላለፈ፣ ከእሳትም አምልጦ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። ይሁን እንጂ ትርጓሜው የጠፋበት ስም እንደ ባዶ አቁማዳ ነው፤ ቅርጹ አለ፤ ውስጡ ግን የለም። አዳራሹን ማደስ የግንበኛ ሥራ ነው፤ ትርጓሜውን መሙላትና ለሚቀጥለው ትውልድ ማስተላለፍ ግን የመምህር ሥራ ነው።